ሐሳቡ የብዙዎች ነበር፤ ሣጥኑን የጫነው ግን አንድ ሰው ነው

በመርካቶም ሆነ በየደላላው ቢሮ ከሚዘወተሩት አነጋገሮች አንዱ «ይህን እኮ እኔ ከእሱ በፊት አስቤው ነበር» የሚለው ነው። አንድ ሰው አዲስ ዕቃ አስመጥቶ ሲያተርፍ፣ ወይም ሌላው የናቀውን ሰፈር ቀድሞ ይዞ ሱቁ ሲደምቅለት ይህ አነጋገር ይሰማል። የሚናገረው ሰው ብዙውን ጊዜ አይዋሽም፤ በእርግጥም አስቦት ይሆናል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከማሰብ በኋላ ነው። አንዱ «እስቲ ሰው ምን ይለኛል? ማንስ ይፈቅድልኛል?» እያለ ሲቆይ፣ ሌላው ወጪና ገቢውን አስልቶ በትንሹ ጀመረ።

ለመሆኑ ነጋዴ ሳይጠይቅ ሊሠራው የሚችለው የቱን ነው? ሳይጠይቅ ሊነካው የማይገባውስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከውጭ ሀገር አንድ ታሪክ እንዋሳለን። ታሪኩ የሩቅ ቢሆንም ውጤቱ ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ በየዕለቱ የሚመላለሰው፣ ትራንዚተሩ ቁጥሩን እየያዘ የሚከታተለው፣ ሲያረጅም በየመንገዱ ዳር ሱቅ ሆኖ የምናየው የብረት ሣጥን፣ ማለትም ኮንቴይነር፣ የንግድ ዕቃ የሆነበት ታሪክ ነው።

ከሣጥኑ በፊት

ኮንቴይነር ከመስፋፋቱ በፊት የመርከብ ጭነት ማለት ጆንያ በጆንያ፣ በርሜል በበርሜል፣ ካርቶን በካርቶን የሚጫን ዕቃ ነበር። ከመኪና ይወርዳል፤ በመጋዘን ይቀመጣል፤ ከመጋዘን ወደ መርከቡ ጎን ይወሰዳል፤ በገመድና በመረብ ተነሥቶ ወደ መርከቡ ሆድ ይገባል፤ እዚያም ወዛደሮች አንድ በአንድ ይደረድሩታል። ሲደርስ ደግሞ ያው ሥራ ተገልብጦ ይደገማል። በዚህ መካከል ብዙው ይሰበራል፤ ጥቂት የማይባለውም ይሰረቃል። መርከቡም በባሕር ላይ ተጉዞ ገንዘብ ማምጣት ሲገባው በወደብ ቆሞ ቀናት ያጠፋል።

«ዕቃውን በአንድ ሣጥን ከትቶ ሣጥኑን እንዳለ ማንሣት» የሚለው ሐሳብ አዲስ አልነበረም። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባቡሮች ከዚያ ብዙ ዓመታት በፊት በሣጥን ጭነዋል። ሲትሬይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ የባቡር ፉርጎዎችን እንዳሉ በመርከብ ያጓጉዝ ነበር። የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለወታደሮች ዕቃ የሚሆኑ የብረት ሣጥኖች ነበሩት። በካናዳ ደግሞ ለኮንቴይነር ተብላ የተሠራች ትንሽ መርከብ በ1955 ሥራ ጀምራለች። እንግዲህ ሐሳቡ የብዙዎች ነበር። ያልነበረው ሐሳቡን ወደ ርካሽ የማጓጓዣ ዋጋ ለውጦ ለነጋዴ የሚሸጥ ሰው ነበር።

የጭነት መኪናው ባለቤት

ማልኮም ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ ማክስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃን ሲያጠናቅቅ ሀገሩ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ስለነበረች ወደ ሥራ ገባ። በነዳጅ ማደያ ሲሠራ ሳለ ዘይት ከ45 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ለሚያመጣ ሾፌር 5 ዶላር እንደሚከፈል ሰማ። «ይህንማ እኔስ ለምን አልሠራውም?» አለና በ1934 በአንድ አሮጌ ተሳቢ የጭነት ሥራ ጀመረ። ሾፌሩም ሥራ አስኪያጁም ራሱ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኩባንያው ከ600 በላይ የጭነት መኪናዎች ነበሩት።

በ1953 ገደማ ማክሊንን ያስጨነቀው የመንገድ መጨናነቅ ነው። መኪናዎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲመላለሱ በየከተማው ይቆማሉ፤ የቆመ መኪና ደግሞ ኪሳራ ነው። በሌላ በኩል ከመንገዱ ጎን ለጎን ባሕር አለ። ስለዚህ ተሳቢውን ከነጭነቱ በመርከብ አሳፍሮ በመድረሻው ወደብ ሌላ መኪና እንዲጎትተው ለማድረግ አሰበ። ሒሳቡን ሲያጠናው ግን ጎማውና ሻንሲው በመርከቡ ላይ ብዙ ቦታ እንደሚበሉ ተረዳ። «ጎማው ለምን ይሳፈራል?» የሚለው ጥያቄ ወደ ሣጥኑ አደረሰው። ጎማ የሌለው ሣጥን አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራላ!

ሦስት ዓይነት ፈቃድ

የማክሊን ታሪክ ለኛ ትምህርት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከፊቱ ሦስት ዓይነት ፈቃድ ተደቅኖ ነበር፤ ሦስቱንም በአንድ ዓይን አላያቸውም።

የመጀመሪያው የሕግ ፈቃድ ነው። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ አንድ የጭነት መኪና ኩባንያ ያለ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ኮሚሽን ይሁንታ የመርከብ ኩባንያ እንዲይዝ አይፈቅድም ነበር። በባሕር ጠረፍ ባሉ ወደቦች መካከል ለመሥራትም ፈቃድ ያስፈልጋል። የባቡር ኩባንያዎችም ተቃውሟቸውን ለማሰማት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ማክሊን በዚህ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አልገባም። በ16 ወደቦች የመሥራት መብት የነበረውን ፓን አትላንቲክ የተባለ አነስተኛ የመርከብ ኩባንያ በ1955 ገዛ። ከሕጉም ጋር ላለመጋጨት ለ21 ዓመታት የገነባውን የጭነት መኪና ኩባንያ ለቀቀ። የተረጋገጠ እንጀራውን ሰጥቶ ያልተረጋገጠውን ገዛ ማለት ነው። ሕጉ ያስቀመጠውን ዋጋ ከፈለ እንጂ «ሕጉ ይቀየርልኝ» ብሎ ቁጭ አላለም።

ሁለተኛው የባለገንዘብ ፈቃድ ነው። ከፓን አትላንቲክ ጋር የእናት ኩባንያውን ዋተርማንን ለመግዛት 42 ሚሊዮን ዶላር ያህል የባንክ ብድር አስፈልጎት ነበር። ባንክ ሐሳብን ስለወደደ ብቻ አያበድርም። ማክሊን ይዞ የቀረበው ዋተርማን ዕዳው ጥቂት፣ በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብና መርከብ ግን ብዙ መሆኑን የሚያሳይ ሒሳብ ነው። ከግዢው በኋላም ከዚያው ኩባንያ ካዝና የዕዳውን ከፊል መልሶ ከፈለ። ባለገንዘብ ሲጠየቅ የሚጠየቀው «ትፈቅድልኛለህ?» ተብሎ ሳይሆን «ገንዘብህ በዚህ በዚህ መንገድ ይመለሳል» ተብሎ ነው።

ሦስተኛው የልማድ ፈቃድ ነው። «መርከብ እንዲህ አይጫንም»፣ «አንተ የመኪና ሰው ነህ፤ ስለ ባሕር ምን ታውቃለህ?»፣ «ቢያዋጣ ኖሮ ትልልቆቹ ይሠሩት አልነበረም?» የሚል ነው። ይህን ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም፤ ማኅተምም የለውም። ብዙ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ማክሊን ይህን ፈቃድ ፈጽሞ አልጠየቀም።

በሁለት ሣጥን የተጀመረ ሙከራ

ሳይጠይቁ መሥራት ማለት ሳይፈትኑ መሥራት ማለት አይደለም። ማክሊን በኮንቴይነር ሥራ ልምድ የነበረውን መሐንዲስ ኪት ታንትሊንገርን አስጠራ። መጀመሪያ ያዘዘው 10 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት ሣጥኖችን ብቻ ነው። ሣጥኖቹ ሲመጡ ከኩባንያው ኃላፊዎች ጋር ጣራቸው ላይ ወጥተው እየዘለሉ ጥንካሬያቸውን እንደፈተኑ ይነገራል። የጠረፍ ጥበቃውን መሥሪያ ቤት ለማሳመን ደግሞ ሣጥኖቹን በከሰል ሞልተው በመርከብ ላይ አስረው በባሕር አመላለሷቸው። የሕጉ ፈቃድ የተገኘው በቃል ሳይሆን በሙከራ ነው።

አዲስ መርከብም አላሠራም። ከጦርነቱ የተረፉ ነዳጅ ጫኝ መርከቦችን ወስዶ ከላያቸው የብረት መደርደሪያ አስገጠመ። ሒሳቡንም በአንድ የታወቀ ሸቀጥ ማለትም በቢራ ሞከረው። ከኒውርክ ወደ ማያሚ በተለመደው የጠረፍ መርከብ የሚሄድ ቢራ ለመጫንና ለማውረድ በቶን 4 ዶላር ያስወጣ ነበር። ቢራው ፋብሪካው ድረስ በሄደ ኮንቴይነር ቢታሸግ 25 ሳንቲም ብቻ እንደሚበቃ ስሌቱ አሳየ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለችው መርከብ 58 ኮንቴይነሮችን ጭና ከኒውርክ፣ ኒው ጀርሲ ወደ ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ተነሣች። ክሬኑ አንዱን ሣጥን ለመጫን 7 ደቂቃ ያህል ነበር የሚወስድበት፤ ጠቅላላው ሥራ 8 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ሂሳቡ ሲሠራ በዚያ ዓመት ብትን ዕቃ ለመጫን በቶን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ሲወጣ፣ በአይዲያል ኤክስ ላይ ለመጫን የወጣው 16 ሳንቲም አይሞላም። ከሠላሳ ስድስት እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። «ይቻላል ወይ?» የሚለው ቀርቶ «ማን ይቀድማል?» የሚለው መጣ።

እንጀራቸው የተነካባቸው

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በወደብ ጭነት የሚተዳደሩት ወዛደሮች ሣጥኑ ሥራቸውን እንደሚወስድ ገብቷቸው ነበር፤ አልተሳሳቱምም። በ1958 የማክሊን መርከብ ወደ ፖርቶ ሪኮ ስትሄድ የሳን ሁዋን ወዛደሮች አናወርድም አሉ። ድርድሩ አራት ወራት ፈጀ፤ መርከቦቹ ቆሙ፤ ኩባንያው ከሰረ። በመጨረሻ ኩባንያው ሣጥኑ ከሚፈልገው በላይ ሠራተኛ ለመቅጠር ተስማማ። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ደግሞ በ1960 አሠሪዎችና የወዛደሮች ማኅበር ከአዲሱ አሠራር ከሚገኘው ጥቅም ሠራተኛው እንዲካፈል የሚያደርግ ስምምነት ተፈራረሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ከሹም ወይም ከልማድ ፈቃድ አለመጠበቅ አንድ ነገር ነው። በሥራችን እንጀራው የሚነካበትን ሰው አለመቁጠር ግን ሌላ ነው። ማክሊን የጫኝና አውራጁን ነገር በሒሳቡ ውስጥ ቀድሞ ቢያስገባ ኖሮ አራቱ ወራት ምናልባት ባልባከኑ ነበር። በኛም ሀገር ጫኝና አውራጅን ሳያነጋግር አዲስ የማራገፊያ ዘዴ ያስገባ ነጋዴ መኪናው በር ላይ ቆሞ እንደሚያድር ማንም ያውቀዋል።

ሌላም ሊነሣ የሚገባው ነገር አለ። የሣጥኑ ማዕዘን ማያያዣና መቆለፊያ የማክሊን ኩባንያ የፓተንት መብት ነበር። መለኪያው በዓለም አንድ እንዲሆን ድርድር ሲካሄድ ኩባንያው በ1963 ይህን መብት ያለክፍያ ለቀቀ። ዛሬ በቻይና የታሸገ ኮንቴይነር በጅቡቲ ክሬን ተነሥቶ በኢትዮጵያ መኪና ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጠው መለኪያው አንድ ስለሆነ ነው። የራስን ድርሻ መልቀቅ አንዳንድ ጊዜ ገበያውን የማስፋት ዘዴ ይሆናል።

ያው ሰው ሲከስር

የስኬት ታሪክ ብቻ የሚተርክ ጽሑፍ ነጋዴን ያሳስታል። ማክሊን ሲ-ላንድ የተባለውን ኩባንያውን በ1969 ሸጦ ከፍተኛ ገንዘብ አገኘ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዩናይትድ ስቴትስ ላይንስ የተባለ ሌላ የመርከብ ኩባንያ ገዛ። ከዚያም በጊዜው ወደር የማይገኝላቸው 12 ግዙፍ የኮንቴይነር መርከቦችን በአንድ ጊዜ አሳነጸ። መርከቦቹ ነዳጅ ቆጣቢ ሆነው የተሠሩ ስለነበሩ ዝግተኞች ናቸው። ስሌቱ «ነዳጅ እየተወደደ ይሄዳል» የሚል ነበር። ሆኖም የነዳጅ ዋጋ በ1986 አሽቆለቆለ። ዝግተኛ መርከብ ፈላጊ አጣ፤ ገበያውም በመርከብ ተጥለቅልቆ የማጓጓዣ ዋጋ ወረደ። ኩባንያው በኅዳር ወር 1986 ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ተሸክሞ ከሰረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ።

ሰውየው ያው ነው፤ ድፍረቱም ያው ነው። በ1955ም ቢሆን ትልቅ ዕዳ ወስዶ ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በ1956 ትርፉ የሚመጣው እሱ ራሱ ሊለካው ከሚችለው ነገር፣ ማለትም ከመጫኛና ከማውረጃ ወጪ ቅነሳ ነበር። ነዳጅ ቢወደድም ቢረክስም ሣጥን ከጆንያ ይረክሳል። በ1980ዎቹ ግን ትርፉ የተንጠለጠለው እሱ ሊወስነው በማይችለው የነዳጅ ዋጋ ላይ ነው፤ ሙከራውም በሁለት ሣጥን ሳይሆን በ12 መርከብ ነበር። ተነሣሽነት ጥሩ የሚሆነው ስሌቱ በእጃችን ባለ ነገር ላይ ሲቆም ነው ማለት ነው።

ወደ እኛ ገበያ ስንመለስ

ይህን ትምህርት በአንድ ቀላል ምሳሌ እንየው። ከመቂ ወደ አዲስ አበባ በእንጨት ሣጥን የሚመጣውን ቲማቲም እናስብ። ሣጥኑ ሸካራ ነው፤ ይወጋል፤ የታችኛው ቲማቲም ይፈርጣል። አንድ ነጋዴ «በፕላስቲክ ሣጥን ቢሆን ብልሽቱ ይቀንስ ነበር» ብሎ አሰበ እንበል። ይህን ያሰበ ሰው አንድ ብቻ እንደማይሆን ግልጽ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከ100 ኪሎ በእንጨት ሣጥን 12 ኪሎ፣ በፕላስቲክ ሣጥን 5 ኪሎ ይበላሻል እንበል። የአንድ ኪሎ ዋጋ 40 ብር ከሆነ በ100 ኪሎ 7 ኪሎ ወይም 280 ብር ይድናል። አንዱ የፕላስቲክ ሣጥን 25 ኪሎ ቢይዝና 600 ብር ቢገዛ፣ ለ100 ኪሎ 4 ሣጥን ወይም 2,400 ብር ያስፈልጋል። ባዶውን ሣጥን ወደ መቂ ለመመለስ ለአንዱ 20 ብር፣ ለአራቱ 80 ብር ቢወጣ በአንድ ጉዞ የተጣራው ቁጠባ 200 ብር ነው። ስለዚህ የሣጥኑ ዋጋ በ12 ጉዞ ይመለሳል፤ ከ13ኛው ጀምሮ ትርፍ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ስለሆኑ ነጋዴው የራሱን ቁጥር ማስገባት ይኖርበታል። ቁጥሩን የሚያገኘው ግን ሰው በመጠየቅ ሳይሆን 20 ሣጥን ገዝቶ በአንድ ጉዞ ግማሹን በእንጨት፣ ግማሹን በፕላስቲክ ጭኖ ሲራገፍ የተበላሸውን በሚዛን በመመዘን ነው። ለዚህ ሙከራ ቀድሞ ካለው የንግድ ፈቃድ በቀር ማንን ያስፈቅዳል? ማንንም። ማነጋገር ያለበት ግን ሰው አለ፤ ገበሬውን፣ ሾፌሩንና ጫኝና አውራጁን።

በሌላ በኩል ሳይጠየቁ የማይነኩ ነገሮች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ አይቻልም። ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ መሰብሰብም ሆነ የውጭ ምንዛሪ መመንዘር ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ወንጀል ነው። አክሲዮን ለሕዝብ ለመሸጥም የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ይሁንታ የግድ ነው። በእነዚህ ላይ «መጀመሪያ ልሥራ፤ በኋላ ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚል ሰው ተነሣሽ ሳይሆን የሰው ገንዘብ የሚያስበላ ሰው ነው። ደላሎችም ይህን ልዩነት ለደንበኞቻቸው ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፤ ሻጩንም ገዢውንም የሚያገኙት እነሱ ናቸውና።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ወደ አእምሮው የመጣለት ነጋዴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ለአራት ጥያቄዎች መልስ ቢጽፍ ይጠቀማል።

1. የምጠብቀው ፈቃድ የቱ ነው? በሕግ የተጻፈ ነው፣ የባለገንዘብ ነው ወይስ የልማድ? የሕግ ከሆነ አንቀጹን ልፈልግ፤ የባለገንዘብ ከሆነ ሒሳቡን ላዘጋጅ፤ የልማድ ከሆነ ግን ምን እጠብቃለሁ?

2. ይህን ሐሳብ በስንት «ሣጥን» ልሞክረው እችላለሁ? ቢከሽፍ የማጣው ገንዘብ ቤተሰቤን ሳይጎዳ የሚታጣ ነው?

3. ትርፉ የሚመጣው ከምን ነው? እኔ ልለካው ከምችለው ወጪ ቅነሳ ነው ወይስ ከዶላር፣ ከነዳጅ ወይም ከመሬት ዋጋ መናር?

4. ሥራዬ የማንን እንጀራ ይነካል? ያንን ሰው መቼ አነጋግረዋለሁ?

ማክሊን በ2001 ሲሞት የ87 ዓመት ሰው ነበር። ካቋቋማቸው ኩባንያዎች የከሰረም የተሸጠም አለ። ሣጥኑ ግን ቀርቷል። በ1955 ከእሱ የበለጠ ገንዘብ፣ ከእሱ የበለጠ የባሕር ዕውቀት የነበራቸው የመርከብ ባለቤቶች በኒው ዮርክ ወደብ ሞልተው ነበር። በአይዲያል ኤክስ ላይ 58ቱ ሣጥኖች ሲደረደሩ ቆመው ካዩት መካከል «ይህን እኮ እኔም አስቤው ነበር» ያለ አይጠፋም። ከማሰቡ በኋላ የጠበቀው የማንን ፈቃድ እንደነበር ግን መልሱ ያለው እሱው ዘንድ ነው።